ድኅረ ፈውስ ጥበቃ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየአገሩ እየመጡ የተጠጉበትን ሥፍራ የሚያውቅ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው፣ አለርት የተባለው የሕክምና ማዕከል መድኃኒት ከመስጠት አልፎ ማሠልጠንንና መልሶ ማቋቋምን ዓላማው ያደረገበትን ምክንያት ለመረዳት አይቸግረውም። መድኃኒቱ ተሕዋስያኑን ካጠፋ በኋላ እንኳ የሰውነት ቁጣ ተነሥቶ ነርቭን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉ በእስክሪብቶ ጫፍ ሲነካ የተነካበትን ቦታ በጣቱ ያመለክታል፤ ስሜቱም በመዝገብ ላይ ይሰፍራል።

የልብ ምት መዛባት ሕክምናም ከፈውስ በኋላ መከታተልን ወደሚጠይቀው ወደዚሁ ጎዳና ደርሷል። ሆላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ መዝግቦ በ1924 የኖቤል ሽልማት ካገኘ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1982 አሜሪካዊው ሜልቪን ሺንማንና ባልደረቦቹ በደም ሥር ባስገቡት ቀጭን ቱቦ አማካይነት በልብ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ሆን ብለው ማቋረጣቸውን ይፋ አደረጉ። በ1998 ደግሞ በፈረንሳይ፣ በቦርዶ፣ ሚሼል አይሳጌር ከባልደረቦቹ ጋር 45 ሕሙማንን መርምሮ፣ የልብን የላይኛውን ክፍል የሚያርገበግበው ምት አብዛኛውን ጊዜ ከሳንባ ወደ ልብ ደም በሚመልሱት ሥሮች ውስጥ እንደሚመነጭ ገለጠ።

ይሁን እንጂ ይህን ምንጭ ለማጥፋት በሥሮቹ ውስጥ ሲተኮስ ሥሮቹ እየጠበቡ ስላስቸገሩ፣ ሐኪሞች ከአፋቸው ውጭ ዙሪያውን መተኮስ ጀመሩ፤ በዙሪያውም ክፍተት ከቀረ፣ ውሃ በተሸነቆረ ግድብ እንደሚሾልክ ኤሌክትሪኩ በዚያው አልፎ፣ ጠባሳውን እየዞረ ከቀድሞው የተለየ ፈጣን ምት ይወልዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚነሣው መዛባት ግን ቁስሉ ያመጣው ሊሆንና በራሱ ሊበርድ ስለሚችል፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ሕክምናው ከሸፈ ብሎ አለመፍረድ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውንም መድኃኒት ወዲያው አለማስቋረጥ ለብዙ ዓመታት የሙያው ሥርዓት ሆኖ ኖሯል።

በአገራችን የልብ ምት መዛባት አንዱ ዋና መነሻ በልጅነት የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ በዚሁ ትኩሳት የተጎዳው የልብ ቫልቭ ሲጠብ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱም ይዛባል፣ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ ይህን ልብን በቱቦ የማከም ጥበብ ለመትከል የሚሻ ሆስፒታል፣ መሣሪያውን ከማስመጣቱ አስቀድሞ የቀጠሮ መዝገብን፣ የልብ ምት መመዝገቢያንና ከሩቅ አገር የሚመጣውን ሕመምተኛ በስሙ ጠርቶ የሚከታተል ሠራተኛን ያዘጋጅ፤ ፈውስን ምሉዕ የሚያደርገው ከሕክምናው በኋላ ያለው ትጋት ነውና።