“ውድ”፣ “ተወደደ” እና “ናረ”፦ ፍቺና አጠቃቀም

“ውድ” የሚለው ቃል “ወደደ” ከሚለው ግስ የተገኘ ሲሆን፣ ሁለት ፍቺዎች አሉት። የመጀመሪያው “ውድ ወገኖቼ” በሚለው አነጋገር እንደሚታየው የሚወደድ፣ የሚከበር ማለት ነው። ሁለተኛው ዋጋው ከፍ ያለ ማለት ነው። ተቃራኒው “ርካሽ” ሲሆን፣ “ረከሰ” የሚለው ግስም የዋጋ መቀነስንና ክብር ማጣትን በአንድነት ይይዛል።

አንድ ዕቃ ከገዢው አቅም በላይ መሆኑን አማርኛ በግሱ ላይ በሚታከል ምዕላድ ይገልጻል። “ጤፍ ተወደደ” ሲባል የተነገረው የገበያው ሁኔታ ነው። “ጤፍ ተወደደብን” ሲባል ግን ጉዳቱ የደረሰበት ሸማች አብሮ ተጠቅሷል። “አስወደዱብን” ከተባለ ደግሞ ዋጋውን የጨመረ ወገን አለ የሚል አቤቱታ ነው። ዋጋው ጨርሶ የማይደፈር ሲሆን “አይቀመስም” ይባላል።

“ናረ” ከፍ ብሎ ወጣ ማለት ሲሆን፣ “ንረት” የሚያመለክተው የዋጋውን መጠን ሳይሆን ጭማሪውን ነው። “የዋጋ ንረት” በአጠቃላይ የዋጋ ደረጃ ላይ የሚታይ ጭማሪ በመሆኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በሸማቾች ዋጋ መመዘኛ ይለካዋል። “የኑሮ ውድነት” ግን ዋጋን ከገቢ ጋር የሚያነጻጽር አገላለጽ ነው።

ልዩነቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። 100 ብር የነበረ ዕቃ በዓመቱ 130 ብር፣ በሁለተኛው ዓመት 143 ብር ቢሸጥ፣ የጭማሪው መጠን ከ30 በመቶ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ብሏል። ዋጋው ግን አልቀነሰም። “ንረቱ ቀነሰ” የሚለውን “ዋጋው ቀነሰ” ብሎ ለሕዝብ መግለጽ ስለዚህ ስሕተት ነው።

በደቡብ ኦሞ ዞን የሳላማጎ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሃና ጉዳዩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ከጂንካ ወደ ሃና የሚጫን ሸቀጥ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ተጉዞ የሚደርስ በመሆኑ የማጓጓዣ ወጪው በመሸጫ ዋጋው ላይ ይታከላል። ዋጋው ለወራት ባይለወጥ እንኳ ከጂንካው ይበልጣል። ይህ ውድነት እንጂ ንረት አይደለም። በወረዳው የቦዲ፣ የሙርሲና የዲሜ ብሔረሰቦች የራሳቸውን ቋንቋ ስለሚናገሩ፣ አቤቱታው በአስተርጓሚ ወደ አማርኛ ሲመለስ የቃሉ ምርጫ የአቤቱታውን ትርጉም ሊለውጥ ይችላል።

የቃሉ ምርጫ መፍትሔውንም ይወስናል። ምክንያቱ መንገድ ከሆነ መልሱ ትራንስፖርት ነው፤ ምክንያቱ የነጋዴ ክምችት ከሆነ ቁጥጥር ነው፤ የገቢ ማነስ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አይበቁም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጥሎ ነበር። ይሁን እንጂ የአቅርቦት እጥረት በመከሰቱ ጣሪያው በዚያው ዓመት ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሥቷል።

ስለሆነም “ዋጋ ተወደደ” የሚል ሪፖርት የሚያዘጋጅ ባለሙያ የዕቃውን ዓይነትና መስፈሪያ፣ የገበያውን ቦታና ቀን፣ እንዲሁም ዋጋው ከምን ጋር እንደተነጻጸረ አብሮ ሊጽፍ ይገባል። “ተወደደብን” የሚል አቤቱታ ሲቀርብለትም በቅድሚያ የሚጠይቀው “በማን ላይ? ከመቼ ጀምሮ?” የሚለውን ነው።