ያለ ሽቦ የሚላክ መልእክት
የሴንትሪፊውጅ ቱቦ፣ ፕላስቲክ

የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስሙ ያለ ሽቦ የሚሄድ መልእክትን ያስታውሳል፤ የአንጀት ትልም ከተሸከመው አካል ጋር የሚነጋገረው እንዲሁ ነው። ቬሲክል የሚባሉ፣ ብዙዎቹ ከሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ የማይበልጡ ከረጢቶችን ይለቃል፤ እነዚህም ፕሮቲንና አር ኤን ኤ ይዘው ወደ ሴሎች ይገባሉ። እነሱን ለማግኘት ትሎቹ የቆዩበት ፈሳሽ መጀመሪያ በዝግታ ተሽከርክሮ ፍርስራሹ ይወገዳል፤ ከዚያም የመሬት ስበትን 100,000 እጥፍ በሚያህል ኃይል ሲሽከረከር ከረጢቶቹ በእንዲህ ያለ ቱቦ ሥር ይዘቅጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኤድንብራ ተመራማሪዎች ከአይጥ ትል የወሰዷቸው ከረጢቶች በአይጦች ሳንባ ላይ የአለርጂን ቁጣ አብርደዋል።

ታዲያ ትሉን ለምን እናጠፋዋለን የሚል ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የጅማ ጥናትም ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ደረት ሲር ሲር ማለቱ አነስተኛ እንደሆነ አሳይቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁክዎርም ግን ደም መጥጦ ለደም ማነስ ይዳርጋል፤ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችም ትል ያለበት ሰው ለሳንባ ነቀርሳው የቢሲጂ ክትባት የሚሰጠው ምላሽ እንደሚዳከም አሳይተዋል። ኮሶ የጠጡት አያቶቻችን አልተሳሳቱም፤ የሚፈለገው መልእክቱ እንጂ ላኪው አይደለም። ያም ቢሆን በቱቦው ሥር የትሉ ልቅ ፕሮቲኖች አብረው ስለሚዘቅጡ፣ መድኃኒት ከመታሰቡ በፊት ከረጢቶቹን በስኳር ብጥብጥ ንብርብር እንደገና ማጥራት ያስፈልጋል።