የኡራኗ ዲኤክስና የሁለት አገር መብራት

ይህን የምንጽፈው አንድ ሰው ክንዱ ስለተሰበረ ነው። ሰውየው ድኗል፣ ታርቀናል፣ ቡናም አብረን ጠጥተናል። አደጋው የመጣው ግን በፍጥነት ወይም በመጠጥ ሳይሆን ስልሳ ዓመት ባለፈው አንድ የመንገድ ሕግ ምክንያት ነው። ለዚያውም እኛ ራሳችን ገዝተን ባመጣነው ዕቃ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው።

የእህታችን ልጅ ሜሩ ኮሌጅ ይማራል። ኡራን፣ አጎቱ ግቢ ውስጥ፣ ከግራር ሥር ለዓመታት የቆመች ቶዮታ ኮሮላ ነበረች። ባለ አራት በር፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ እኛ ሐበሾች በፍቅር «ዲኤክስ» የምንላት ናት። ፍየሎች ኮፈኗ ላይ እየወጡ የግራሩን ቅጠል ይቀነጥባሉ፤ የፊት መብራቶቿ ተሰብረው ጎድጓዳ ሆነዋል፤ ወንበሯ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። አጎቱ «ካስነሳሃት ያንተ ናት» አሉት። ልጁ እጁ ላይ የነበረው 40,000 ሽልንግ ነው። ደብተር ላይ የጻፈውን ዝርዝር ይዞ ሱቃችን መጣ፦ ሰፋፊ ቸርኬ፣ ሞላ ቆርጦ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ፣ ጥቁር መስታወት፣ ትልቅ ስፒከር። ፍሬን የሚል ቃል አልነበረበትም። እኛ ጤፍና በርበሬ ነጋዴዎች ነን እንጂ የመኪና ሰዎች አይደለንም፤ ግን ኮሜርስ የተማርን ስለሆንን ደብተሩን ተቀብለን በሁለት ዓምድ ከፈልነው። አንዱ መኪናዋን የሚያስኬድ፣ ሌላው መኪናዋን የሚያሳይ። የልጁ ዝርዝር በሙሉ ሁለተኛው ዓምድ ውስጥ ገባ።

ዲኤክስ የሚለው ስም የመኪናው ዓይነት ስም አይደለም። ከኋላዋ የሚለጠፉት ሁለት ፊደሎች «ዴሉክስ» ለማለት ነው፣ ማለትም ከተራዋ ትንሽ ከፍ ያለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ፊደሎቹ ስም ሆነው ቀሩ፤ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያላት አሮጌ ኮሮላ ሁሉ ዲኤክስ ናት። ዕቃ የሚገዛ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው ኮሮላ የምትነዳው በኋላ ጎማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የተተካችው ባለ አራት በር ግን በፊት ጎማ ነው የምትነዳው። ሁለቱም ዲኤክስ ይባላሉ፣ የአንዷ ካምቢዮ ግን ለሌላዋ አይሆንም። የኡራኗ የመጀመሪያዋ ናት።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር እንንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አርባ ዓመት ያለፋት ዲኤክስ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ብር ትሸጣለች። ኬንያ ውስጥ ግን ያው መኪና በፍየል ዋጋ ትገኛለች፤ ኡራን ላይ እንዳያችሁት በነጻም ትገኛለች። ለምን? ብረቱ አንድ፣ ፋብሪካው አንድ። ልዩነቱ ሁለቱ መንግሥታት ስለ አሮጌ መኪና ያወጡት ሕግ ነው።

ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከልክላለች። ከዚያ በታች የሆነው ግን ከጃፓን በሞምባሳ ወደብ እንደ ጎርፍ ይገባል። ስለዚህ ኬንያዊ አሮጌውን ጥሎ ወደ አዲሱ ይሄዳል፣ አሮጌው ወደ ገጠር ይሸሻል፣ በመጨረሻ ግራር ሥር ይቆማል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና ቫት ተደራርበው ለትንሿ መኪና እንኳ ከገዛንበት ዋጋ በላይ ያስከፍሉን ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። አሮጌ መኪና እንዳይገባ ሲከለከል፣ አስቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ወርቅ ሆነ። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ውስጥ የዲኤክስ ዕቃ እስከዛሬ የማይጠፋው፤ መኪናዋ በሕይወት ስላለች ዕቃዋም አለ። ናይሮቢ ኪሪንያጋ ሮድ ግን ከሱቅ ሱቅ ትዞራላችሁ።

«ታዲያ ከኬንያ በርካሽ ገዝቶ ማሻገር ነዋ» የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ እኛም አስበነዋል። ቀረጡን እንኳ ብንተወው፣ መሪው አለ።

ኢትዮጵያ ድሮ በግራ መስመር ነበር የምትነዳው። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተለወጠች። ኬንያ የእንግሊዝን ሥርዓት ይዛ በግራ ቀረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞያሌ ውስጥ የሚሻገር ሾፌር ሁሉ መስመር መለወጥ አለበት። ሰው ይህን ይለምደዋል፤ እኛ ከድንበሩ ኬላ ስንወጣ እጃችን ሳናዝዘው ይዞራል። ዕቃ ግን አይለምድም። የኬንያ መኪና መሪዋ በቀኝ ነው፣ የኢትዮጵያዋ በግራ። ስለዚህ ከወዲያ ማዶ የሚመጣ ዕቃ አንዳንዱ ይሆናል፣ አንዳንዱ አይሆንም። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ካርቡሬተር፣ ራዲያተር፣ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ የኋላ መብራት፣ የበር ብረት፦ ይሆናሉ። ዳሽቦርድ፣ የመሪው ሳጥን፣ የዝናብ መጥረጊያው ማያያዣ፦ አይሆኑም፤ የመስታወት ምስል ናቸው። ይህን ዝርዝር ለልጁ ስንጽፍለት አንድ ነገር ረሳን። ወደ እሱ እንመጣለን።

በዚህ መሃል የሳቅንበት ጉዳይ ቋንቋ ነው። ኡራን ላይ የሠራለት ፈንዲ የቦረና ልጅ ነው፤ ሙያውን የተማረው ኢሲዮሎ፣ ጁአ ካሊ ውስጥ። እኛ ከወዲያ በስልክ «ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ» እንላለን፤ እሱ «ፕላጊ፣ ክላቺ፣ ሳይለንሳ» ይላል። እኛ ኮፈን ስንል እሱ ቦኔቲ ይላል። የኢትዮጵያ ጋራዥ የሚናገረው ጣሊያንኛ ነው። በወረራው ዘመን የመጡት መካኒኮች፣ ከነጻነት በኋላም የቀሩት፣ ቃላቸውን ትተውልን ሄዱ። ታርጋ ራሱ የጣሊያን ቃል ነው። የኬንያ ጋራዥ ደግሞ እንግሊዝኛን በስዋሂሊ ለስልሶ ይናገራል። አንድ ብሎን ለማዘዝ ሁለት ቅኝ ገዢ በመሃላችን ቁጭ ይላል።

ልጁ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ ብሎ ሲያስቸግረን ያስታወስነው ላዳን ነው። በእኛ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ኮንትራት ይዞ ያውቃል። ላዳ ከመሠረቷ ጣሊያናዊት ናት፤ ፊያት 124። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1966 ከሶቪየት መንግሥት ጋር ተዋውሎ ቶሊያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ ተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ወጡ። ግን ሩሲያውያን መኪናዋን እንደመጣች አልተቀበሏትም። መንገዳቸው መጥፎ ስለሆነ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ ላሜራዋን አወፈሩት፣ ጭቃና ጠጠር ስለሚጎዳው የኋላውን ዲስክ ፍሬን አውጥተው ከበሮ ፍሬን አስገቡ። ባለ አራት በር መኪናን እንደ አገር ማስተካከል ማለት ይኸው ነው፤ ቄንጥ አልጨመሩባትም፣ መንገዱን አይተው ነው የሠሩት። በደርግ ጊዜ ወደ እኛ የመጣችው ይህቺው ናት፤ መካኒኮቻችን የፊያትን ዕቃ በጣሊያን ስሙ ስለሚያውቁት ላዳ እጃቸው ላይ እንግዳ አልሆነችባቸውም።

ሞላ ሲቆረጥ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፣ ግን የቀረው ሞላ ይደነድናል፣ መጫወቻው ያጥራል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሞላው ከቦታው ይላቀቃል። አስፋልት ላይ እንኳ አይመከርም፣ በኡራን ኮረኮንች ላይ ደግሞ የዘይት ቋቱ የመጀመሪያውን ድንጋይ አይዘልም። ልጁ አልተዋጠለትም ነበር። ያሳመነው የእኛ ምክር አይደለም፤ ፈንዲው ስለ ጆጊንደር ሲንግ የነገረው ነው። ኬንያዊው መካኒክ ጆጊንደር ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 የሳፋሪን ውድድር ከወንድሙ ጋር ሲያሸንፍ የነዳት ቮልቮ ቀድሞ በሌላ ሰው የተነዳች፣ ያገለገለች መኪና ነበረች። «ሲምባ ያሸነፈው መኪናውን ስላሳመረ ሳይሆን ስላልቆመ ነው» አለው ፈንዲው። ልጁ ያን ቀን ሞላውን ተወው። ቸርኬውንና ስፒከሩን ግን አልተወም።

ገንዘቡ እንዲህ ሄደ። የፍሬን ሸራና የፍሬን ጎማዎች፣ የውሃ ፓምፕ፣ ካንዴላ፣ ባትሪ፣ አራት ያገለገሉ ጎማዎች፦ ግማሹን በሉ። የቀለሙን ጉልበት ራሱና ጓደኞቹ ቻሉት፤ ሦስት ቅዳሜ በብርጭቆ ወረቀት አሹ፣ ዝገቱን ቆርጠው ፈንዲው ላሜራ በየደው፣ ስቱኮ ተቀባ። የላዳውን ፎቶ ስላሳየነው ሰማያዊና ነጭ ቀባት። ሞያሌ ይዟት ሲመጣ አንዲት የእኛ አገር እናት እጃቸውን አንስተው «ኮንትራት ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት። ወንበሩን እኛ ያመጣነው የቡና ጆንያ አለበሰው፤ የማያምር መስሎን ነበር፣ አምሯል። የቀረውን ቸርኬና ስፒከር ጨረሰው።

ለፊት መብራት አልተረፈም። ናይሮቢ ጠየቅን፣ ተወደደ። እኛ በርበሬ ልናመጣ ወዲያ ስንሻገር አንድ ሱቅ ውስጥ የዲኤክስ መብራት፣ ያልተነካ ጥንድ፣ በግማሽ ዋጋ አገኘን። ደስ ብሎን ገዛን። ሻጩ አልዋሸንም፤ እኛ አልጠየቅነውም።

የመኪና አጭር መብራት ቀጥ ብሎ አይበራም። በአንድ ወገን ወደ ላይ ከፍ ይላል፣ የመንገዱን ጠርዝና እግረኛውን እንዲያሳይ። በቀኝ በሚነዳ አገር ወደ ቀኝ ከፍ ይላል፤ በግራ በሚነዳ አገር ወደ ግራ። የኢትዮጵያን መብራት ኬንያ ውስጥ ስታበሩ፣ ከፍ የሚለው ብርሃን ጠርዙን ትቶ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሾፌሩ አጭር አብርቻለሁ ብሎ በሰላም ይነዳል። ከፊቱ ያለው ግን ታውሯል።

ሰውየው ቦዳ ቦዳ ነበር፣ ውሃ በጄሪካን ጭኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ። ምሽት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መንገዱን ስቶ አሸዋው ውስጥ ወደቀ። ልጁ ወዲያው ቆመ፣ በዚያችው ዲኤክስ ሐኪም ቤት አደረሰው። ፍሬኗ የያዘው ያን ምሽት ነው፤ ያ የመጀመሪያው ዓምድ ባይኖር ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ልጁ ጥፋቱን ሳይክድ ተናገረ፣ ግን ምኑ ላይ እንዳጠፋ አላወቀም፤ እኛም አላወቅንም። ነገሩን ያወቀው ፈንዲው ነው። በማግስቱ ማታ መኪናዋን ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ አምስት ሜትር ያህል አርቆ አቆመና አጭር መብራቱን አበራ። ግድግዳው ላይ ብርሃኑ በቀኝ በኩል እንደ ደረጃ ወደ ላይ ሲወጣ ሁላችንም አየን። አንድ ሽማግሌ «ይህ መብራት ወዲያ ማዶ እየነዳ ነው» አሉ። የሕክምናውንና የተኛበትን ሳምንታት ገቢ እኛ ከፈልን፣ መብራቱን የገዛን እኛ ነንና። ልጁ ቸርኬውንና ስፒከሩን ሸጦ ከናይሮቢ ትክክለኛውን ጥንድ አስመጣ፤ የተረፈውን ለሰውየው ወሰደለት። እሱ «ለትምህርትህ ያዘው» ብሎ ግማሹን መለሰለት።

መኪና ከድንበር ወዲህም ወዲያም የምታሠሩ፣ ግድግዳ ፈልጉ። አምስት ደቂቃ ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ኬንያ ውስጥ ብርሃኑ ወደ ግራ ይውጣ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ቀኝ።

የመጀመሪያዎቹ መብራቶች ሱቃችን መደርደሪያ ላይ፣ ከበርበሬው በላይ ተቀምጠዋል። ጤነኞች ናቸው። ወዲያ ማዶ እ.ኤ.አ. የ1979ኟን ዲኤክስ የያዘ ካለ፣ በገዛንበት እንሰጣለን።