ሪህ

ሪህ በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያዎች ውስጥ እየረጋ መርፌ መሰል ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲሠራ የሚከሰት የመገጣጠሚያ ብግነት ነው። መንስኤው በሚገባ ስለሚታወቅና ከሰውነት ሊወገድ ስለሚችል፣ ከመገጣጠሚያ ሕመሞች ሁሉ ለሕክምና ከሚመቹት አንዱ ነው። ብዙ ሕሙማን ግን ሲያማቸው ማስታገሻ ወስደው ሲሻላቸው ስለሚተዉት፣ ሊቀር የሚችል ሥቃይ ለዓመታት ይሸከማሉ።

መንስኤ

ዩሪክ አሲድ ፒዩሪን የተባሉ ውህዶች ሲፈራርሱ የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው። አብዛኛው ፒዩሪን የሚመጣው ከራሱ ከሰውነት ሲሆን ከምግብ የሚገኘው ያነሰ ነው። ከአሲዱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ኩላሊት በሽንት ያስወግዳል፤ ቀሪው በአንጀት በኩል ይወጣል። መጠኑ በዴሲሊትር ደም ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ መርጋት ይጀምራል። በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ችግሩ አሲዱ ከመጠን በላይ መመረቱ ሳይሆን ኩላሊት በበቂ ሁኔታ አለማስወገዱ ነው። ዩሪክ አሲዱ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ግን በሪህ አይያዝም።

ሪህ በወንዶች ላይ ይበረታል፤ በሴቶች ላይ በአብዛኛው የሚታየው የወር አበባ ካቆመ በኋላ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ሪህ መኖሩ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም ተጋላጭነትን ይጨምራሉ። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ሌሎች ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶችም ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ የሪህ ሕመምተኛ፣ በራሱ ሳያቋርጥ፣ ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ምልክትና ምርመራ

ሕመሙ ብዙ ጊዜ በሌሊት በድንገት ይነሳል። የእግር አውራ ጣት ሥር ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል፤ የአንሶላ ንክኪ እንኳ አያስችልም። ቁርጭምጭሚትና ጉልበትም ሊያዙ ይችላሉ። ሥቃዩ በአንድ ቀን ውስጥ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርስና ያለ ሕክምናም ቢሆን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይበርዳል። ለዓመታት ችላ ከተባለ ክሪስታሉ በጣት፣ በክርንና በጆሮ ጫፍ ላይ ጠንካራ እብጠት ይሠራል፣ አጥንት ይበላል፤ የኩላሊት ጠጠርም ሊከተል ይችላል።

አስተማማኙ ምርመራ ካበጠው መገጣጠሚያ ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ ክሪስታሉን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት የደም ዩሪክ አሲድ መጠን ጤናማ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ ያ ውጤት ብቻውን ሪህ የለም አያሰኝም። መገጣጠሚያው ካበጠና ትኩሳት ካለ በባክቴሪያ የተመረዘ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

አመጋገብ

ጉበት፣ ኩላሊትና ሌላም የሆድ ዕቃ በፒዩሪን የበለጸጉ ናቸው፤ ዱለት የሚያዘወትር ሰው ይህን ቢያውቅ ይበጀዋል። ቀይ ሥጋን መቀነስም ይረዳል። ከአልኮል መጠጦች በተለይ ቢራ ጎጂ ነው፤ በስኳር የጣፈጡ ለስላሳ መጠጦችም ዩሪክ አሲድን ይጨምራሉ። ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ፒዩሪን ቢኖራቸውም ጥናቶች ከሪህ መብዛት ጋር አላያያዟቸውም። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሽሮ ወጥ ሸሽቶ ወደ ሥጋ መዞር የለበትም። ስቡ የወጣለት ወተትና እርጎ ይጠቅማሉ። ውኃ በበቂ መጠን መጠጣት ተገቢ ነው፤ የሚጾም ሰውም በተፈቀደለት ሰዓት ይህን ማሟላት ይኖርበታል። ክብደት መቀነስ ይረዳል፤ ሆኖም ራስን በረሃብ በማስጨነቅ ሳይሆን ቀስ በቀስ ሊሆን ይገባል።

ሕክምና

ሕክምናው ሁለት ዓላማ አለው። የመጀመሪያው የተነሳውን ሕመም ማብረድ ነው፦ ዳይክሎፌናክ የመሰሉ ፀረ ብግነት መድኃኒቶች፣ ኮልቺሲን ወይም ፕሬድኒሶሎን ይታዘዛሉ፤ እግርን ማሳረፍና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ማድረግም ያግዛል። ፀረ ብግነት መድኃኒቶችን ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ እየገዙ መዋጥ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል።

ሁለተኛው ዓላማ ዩሪክ አሲዱን ከ6 ሚሊግራም በታች አውርዶ ማቆየት ነው። ሕመሙ የሚመላለስባቸው ሰዎች አመጋገብ ማስተካከል ብቻውን እዚህ አያደርሳቸውም። ዋናው መድኃኒት አሎፑሪኖል ነው፤ ካበለጸጉት ሳይንቲስቶች መካከል ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። አሎፑሪኖል በትንሽ መጠን ተጀምሮ፣ በደም ምርመራ እየታየ ከፍ ይላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ክሪስታሉ መሟሟት ሲጀምር ሕመሙ ሊነሳ ይችላል፤ ለዚህ ሐኪሙ መከላከያ ይሰጣል እንጂ አሎፑሪኖሉ አይቋረጥም። በቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያው አቁሞ ወደ ሕክምና መሄድ ግድ ነው።

ሕመሙ ጠፋ ማለት ክሪስታሉ አለቀ ማለት አይደለም። መድኃኒቱን ያለማቋረጥ የወሰደና ዩሪክ አሲዱን በየጊዜው የሚያስመረምር ሰው ግን ክሪስታሉ ሟሙቶለት፣ ሪህ ሳይቀሰቀስበት ለዓመታት ሊኖር ይችላል።