የሯጭ ሐሴትና የካናቢስ ሳይንስ፦ ከኢንዶርፊን እስከ አናንዳማይድ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚሰማውን ልዩ ደስታ ይመለከታል። እኔ «የሯጭ ሐሴት» እለዋለሁ፤ ቃሉን የመረጥሁበት ምክንያት ወደ ኋላ ይገለጣል። ወደ ርእሱ የመራኝ ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ነው፦ ሩጫና ካናቢስ በአንጎል ውስጥ የሚነኩት አንድ ሥርዐት ከሆነ፣ አንዱ ሌላውን ሊተካ አይችልምን? ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለምና በታሪክ መንገድ ልመልሰው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኦፒየም ነው። በ1973 ካንዳስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሞርፊን የሚያርፍበት ተቀባይ በአንጎል ውስጥ መኖሩን አሳዩ። አንጎል ለአንድ ተክል ጭማቂ በር ለምን ሠራ? መልሱ በ1975 ከስኮትላንድ መጣ። ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትስ በአበርዲን ከአሳማ አንጎል ሞርፊን መሰል ኬሚካሎችን ለይተው አወጡ። «ኢንዶርፊን» የሚለው ስም ራሱ «የውስጥ ሞርፊን» ከሚለው ሐረግ የተቀጠፈ ነው።

በእነዚያው ዓመታት በአሜሪካ ተራው ሰው ለጤናው ብሎ መሮጥ ጀምሮ ነበር። የሯጮች ደም ሲመረመር ቤታ ኢንዶርፊን ከሩጫ በኋላ ጨምሮ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ማብራሪያው ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የጋዜጣና የአሠልጣኞች ቋንቋ ሆነ፤ ዛሬም በየስፖርት ቤቱ እንሰማዋለን።

ነገር ግን ደም ሌላ፣ አንጎል ሌላ ነው። በአንጎል የደም ሥሮች ላይ ያለው አጥር እንደ ቤታ ኢንዶርፊን ያለውን ትልቅ ሞለኪውል በቀላሉ አያሳልፍም። በደም ውስጥ መጨመሩም በአንጎል ውስጥ ለመጨመሩ ማስረጃ አይሆንም። የኦፒየም ተቀባዮችን በመድኃኒት ዘግተው የሞከሩ ተመራማሪዎች ያገኟቸው ውጤቶችም እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ይህ ሁሉ እየታወቀ ማብራሪያው ለአሥርተ ዓመታት መንገሡ ያስገርመኛል። የራሴ ግምት፣ ደም መቅዳት ቀላል ስለ ነበረ ሊለካ የቻለው ነገር ሊታወቅ የተፈለገውን ተካ የሚል ነው። ለፍትሕ ያህል ግን የጀርመን ተመራማሪዎች በ2008 ያሳተሙትን መጥቀስ አለብኝ። የ10 ሯጮችን አንጎል ከሁለት ሰዓት ሩጫ በኋላ በምስል መርምረው ኢንዶርፊን በእርግጥ በአንጎል ውስጥ እንደሚለቀቅ የሚያመለክት ውጤት አገኙ። ስለዚህ ኢንዶርፊን ከታሪኩ አልወጣም፤ የሐሴቱ ምንጭ እርሱ መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም ነበር።

ሁለተኛው የታሪኩ ጅረት ከካናቢስ ይነሣል። ራፋኤል ሜኩላምና የሂኤል ጋኦኒ በ1964 በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም የተክሉን ዋና አስካሪ ኬሚካል፣ ቲኤችሲን፣ ለይተው ቅርጹን አሳወቁ። ተቀባዩን ዊልያም ዴቬንና አሊን ሃውሌት በ1988 በአይጥ አንጎል አገኙት። በ1992 ደግሞ ዴቬን፣ ሉሚር ሃኑሽና ሜኩላም ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ አንጎል ራሱ የሚሠራውንና በዚያው ተቀባይ ላይ የሚያርፈውን ኬሚካል አገኙ። አሁንም ከአሳማ አንጎል! ስሙንም አናንዳማይድ አሉት፤ «አናንዳ» በሳንስክሪት ሐሴት ማለት ነው።

አናንዳማይድ ትንሽና በስብ የሚሟሟ በመሆኑ የአንጎልን አጥር ያልፋል። በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 50 ደቂቃ በመካከለኛ ፍጥነት የሮጡ ወጣቶች ደም ውስጥ መጠኑ ጨምሮ እንደ ተገኘ አሳየ። በ2015 በጀርመን በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ሩጫ ፍርሃትን የሚቀንሰው የካናቢስ ተቀባዮች ሲዘጉ ቀረ፤ የኦፒየሞቹ ሲዘጉ ግን አልቀረም። አይጥ ደስታዋን አትናገርምና በ2021 ሰዎች ተጠየቁ። 63 ተሳታፊዎች ናልትሬክሶን ወይም መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ወስደው 45 ደቂቃ ሮጡ። የኦፒየም ተቀባያቸው የተዘጋባቸውም ሐሴቱ አልቀረባቸውም።

ቁርጡን የሚያሳየው ሙከራ በሰው ላይ የካናቢስን ተቀባይ መዝጋት ይሆን ነበር። ይህን የሚያደርግ ሪሞናባንት የተባለ መድኃኒት በ2006 በአውሮፓ ለውፍረት ማከሚያ ቀርቦ ነበር፤ በተጠቃሚዎች ላይ ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ በማስከተሉ በ2008 ከገበያ ታገደ። ይህ ሥርዐት ሲዘጋ ሰው ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚናገር ምስክር አላውቅም።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ ልመለስ። አናንዳማይድ በሚያስፈልግበት ቦታና ጊዜ ተሠርቶ ወዲያው ይፈርሳል። ቲኤችሲ ግን ተቀባዩ ባለበት ሁሉ፣ ትውስታንና ሚዛንን በሚመሩ የአንጎል ክፍሎች ጭምር ይደርሳል፤ ለሰዓታትም ይቆያል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 42 ሯጮችን አንድ ጊዜ ካናቢስ ወስደው፣ አንድ ጊዜ ሳይወስዱ በመሮጫ ማሽን አስሮጧቸው። ሯጮቹ በካናቢስ ሩጫው ይበልጥ አስደሳች እንደ ነበረ ተናገሩ፤ ቲኤችሲ የበዛበትን የወሰዱት ግን ያው ሩጫ ይበልጥ ከብዷቸዋል። የወሰዱትን ራሳቸው ያውቁ ስለ ነበርም ደስታው ምን ያህሉ ከኬሚካሉ፣ ምን ያህሉ ከተስፋቸው እንደ መጣ መለየት አይቻልም። ስለዚህ መልሴ «አይተካውም» ነው።

በዚህ አዳራሽ ለውድድር የሚዘጋጁ ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ድርጅት ቲኤችሲን በውድድር ወቅት ይከለክላል። ካናቢዲዮል ከ2018 ጀምሮ ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ሆኖም በካናቢዲዮል ስም የሚሸጥ ዘይት ቲኤችሲ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ሳያውቅ የወሰደውም ሯጭ ከቅጣት አያመልጥ ይሆናል።