ከሊሙ በባርነት የተወሰደችው ልጅ፦ አስቴር ጋኖ ሥራ ለሚፈልግ ወገን ያቆዩት ትምህርት



በጅማም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ ስለ ሥራ የማይጸለይበት ሳምንት የለም። ተመርቆ ወደ ቤተሰቡ ቤት የተመለሰ ወንድም አለ። ትምህርቷን አቋርጣ «ወደ ዓረብ አገር ልሂድ ወይስ ልቆይ?» እያለች እንቅልፍ ያጣች እህት አለች። ሥራ ይዞ ሳለ ድካሙን የሚያይለት ሰው በማጣት ልቡ የዛለም አለ። ለእነዚህ ሁሉ ምክር ስንሰጥ ዮሴፍንና ዳንኤልን እንጠቅሳለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን ሩቅ ሳንሄድ ከዚሁ ከሊሙ ምድር ታሪኳ የሚያስተምረን አንዲት ሴት አለችልን፤ ስሟ አስቴር ጋኖ ይባላል። ብዙዎቻችን አንገቧ ባለፈችበት ምድር ላይ እየኖርን ስሟን ሰምተን አናውቅም።

ሊሙ በዚያ ዘመን

በ19ኛው መቶ ዘመን በጊቤ ወንዝ ዙሪያ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፦ ሊሙ እናሪያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ። በመጀመሪያ ከሁሉ የገነነው ሊሙ እናሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 የነገሡት አባ ባጊቦ የሰሜኑን ነጋዴ ወደ ምድራቸው ስበው የሳቃን ገበያ ታላቅ አደረጉት። የሲራራ ነጋዴዎች ከሳቃ ቡናውን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱን ጭነው በጎጃም አቋርጠው እስከ ጎንደርና እስከ ምጽዋ ይዘልቁ ነበር።

ከዕቃው ጋር ግን ሰውም ይነዳ ነበር። የዛሬው የቡና መንገዳችን በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ መንገድም ነበር። ይህን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን፣ እግዚአብሔር ልጅቱን ከየት እንዳነሣት እንድናስተውል ነው።

አስቴር እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ከነጻ ቤተሰብ ተወለደች። በኋላ ግን በሊሙ እናሪያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወደቀች። ከዚያም ተሸጠች፤ ቀይ ባሕርን አሻግሮ በዓረብ ምድር ሊሸጣት በሚወስድ ጀልባ ላይ ተጫነች። እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች ያንን ጀልባ ባሕር ላይ ያዙት። ልጅቱ ነጻ ወጣች፤ ምጽዋ አጠገብ ባለችው በእምኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ወደሚያስተምረው ትምህርት ቤትም ገባች።

እስቲ ለጥቂት ጊዜ ራሳችንን በቦታዋ እናስቀምጥ። ዕድሜዋ ገና የዐሥራዎቹ ነው። ወላጆቿ የሉም፤ አገሯ ሩቅ ነው፤ በአካባቢዋ የሚነገረው ቋንቋ የእርሷ አይደለም። በእጇ ገንዘብ የለም፤ የምስክር ወረቀት የለም፤ «የእኛ ልጅ ናት» የሚልላት ዘመድም የለም። በዛሬው አነጋገር ምንም የሥራ ልምድ የሌላት ወጣት ነበረች።

ሳይቆጠር የቀረ ሀብት

በዚያው በእምኩሉ ሌላም ሰው ነበር። በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ የተወለደ፣ ሂካ የሚባል ልጅ በልጅነቱ ተሰረቀ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠም ምጽዋ ደረሰ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻ ወጣ፤ በ1872 ሲጠመቅም ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም በፊልሞና መልእክት ከምናገኘው፣ ከባርነት ወደ ወንድምነት ከተሻገረው ከአናሲሞስ የተወሰደ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በስዊድን አገር በዮሐንስሉንድ ሴሚናሪ እ.ኤ.አ. እስከ 1881 ተምረው ሲመለሱ አንድ ትልቅ ራእይ ይዘው ነበር፦ ሕዝባቸው የእግዚአብሔርን ቃል በራሱ ቋንቋ እንዲያነብ። ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ደጋግመው ሞከሩ፤ መንገዱ ግን ተዘጋ። በሩ ሲዘጋባቸው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በእምኩሉ ሆነው ትርጉሙን ያዙ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ጎደላቸው። ከቤተሰባቸው በልጅነታቸው የተወሰዱ ስለሆነ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሙሉ አልነበረም። ሴሚናሪው ነገረ መለኮትን ሰጣቸው፤ በእሳት ዳር የሚነገረውን ተረት፣ የሽማግሌውን ምሳሌያዊ አነጋገር፣ የእናቶችን እንጉርጉሮ ግን ማንም ሴሚናሪ አይሰጥም። ያንን ይዛ የመጣችው ከሊሙ የተነጠቀችው ልጅ ነበረች።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የባሪያ ነጋዴው ሁሉን ወሰደባት፤ ቋንቋዋን ግን ሊወስድባት አልቻለም። በጀልባው ላይ ሳለች ያንን ማንም ሀብት ብሎ አልቆጠረውም፤ ምናልባት እርሷም አልቆጠረችውም። እግዚአብሔር ግን ሊሠራበት ነበር።

አስቴር የሠሩት ሥራ

አስቴር በትምህርት ቤቱ ማንበብና መጻፍን ተማሩ። ኦኔሲሞስም ችሎታቸውን አይተው ወደ ሥራው ጠሯቸው። የመጀመሪያው ሥራቸው የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስቦ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነበር። ይህ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1893 የታተመውን አዲስ ኪዳን ለማቃናት አገለገለ። ቃል መልቀም ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ማንም የማያጨበጭብለት ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ትርጉሙ የባዕድ አፍ ሆኖ ይቀር ነበር።

አስቴር በዚህ አላበቁም። ከልጅነታቸው የሚያስታውሱትን 500 የሚደርሱ የኦሮሞ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሰፈሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ለጀማሪዎች በወጣው «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው የንባብ መማሪያ ውስጥ ገቡ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን መጽሐፍ ተረጎሙ፤ ከኦኔሲሞስ ጋር ሆነውም የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጁ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ በቅድስት ክሪሾና ታተመ።

እ.ኤ.አ. በ1904 ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ባልንጀሮቻቸው ጋር ወደ ወለጋ ተመለሱ። አስቴርም በነጆ አስተማሪ ሆኑ። በጀልባ ተጭነው የወጡት ልጅ ፊደል ይዘው ገቡ ማለት ነው። ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1959 ስትመሠረት በሕይወት ነበሩ።

ስማቸው ለምን ቀረ?

በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝን ነገር አለ። የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም ክብር ለብዙ ዘመን የተሰጠው ለኦኔሲሞስ ብቻ ነበር። የአገራችንን የወንጌላውያን ታሪክ የጻፈው ስዊድናዊው ጉስታቭ አሬን የአስቴርን ድርሻ መዝግቦ ባያቆየን ኖሮ፣ እኛም ዛሬ ስማቸውን ባልጠራን ነበር።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ከእስራኤል ተማርካ በንዕማን ቤት የምታገለግል ትንሽ ልጅ እናገኛለን። ጌታዋ የተፈወሰው እርሷ በተናገረችው ቃል ምክንያት ነው። የንዕማን ስም ተጽፏል፤ የእርሷ ግን አልተጻፈም። እግዚአብሔር ግን ሥራዋን አልረሳውም፤ ታሪኩ ከእርሷ ይጀምራል። በስውር የሚሠራ ሰው ሁሉ በዚህ ይጽና፤ ሰው ባያይ የሚያይ አለ።

ይህ እውነት ግን ድካምን ለሚሰውሩ አለቆች ማመካኛ ሊሆን አይገባም። «ለጌታ ብለሽ ሥሪ» እያሉ የሌላውን ልፋት በራስ ስም ማቅረብ መንፈሳዊነት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 16 የፌቤንን፣ የጵርስቅላን፣ የማርያን፣ የጢሮፊሞናንና የጢሮፊሞሳን ስም ከነድካማቸው ይጠራል። መልእክቱን በእጁ የጻፈለት ጤርጥዮስ እንኳ ስሙ ሰፍሯል። የክርስቲያን መሪነት መለኪያው አንዱ ይህ ነው፤ ከጀርባ ያለውን ሰው ወደ ፊት ያወጣል፣ ስሙን ይጠራል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠየቅም አይሰስትም።

ሥራ ለሚፈልግ ወገን

ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ?

*በእጅህ ያለውን ቁጠር።* እግዚአብሔር ሙሴን በምድረ በዳ የጠየቀው በእጁ ስላለው ነገር ነበር (ዘጸ. 4፥2)፤ በእጁ የነበረው በትር ብቻ ነው። አንተስ? አንቺስ? የሥራ ማመልከቻ ከመጻፍህ በፊት አንድ ወረቀት አውጥተህ የምታውቀውን ሁሉ አስፍር። ኦሮምኛና አማርኛ አቀላጥፎ መናገርና መጻፍ ለጤና ጣቢያው፣ ለባንኩ፣ ለእርዳታ ድርጅቱ ትልቅ ነገር ነው። የበሰለውን ቀይ እሸት ከጥሬው መለየት፣ በአልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እንዳይበላሽ ማገላበጥ፣ የለቃሚዎችን ኪሎ በትክክል መመዝገብ፣ ይህ ሁሉ ሙያ ነው። የሊሙ እጥብ ቡና በዓለም ገበያ በስሙ የሚጠራው ይህን በሚያውቁ እጆች ነው። በቤተ ክርስቲያን ልጆችን ስታስተምሪ ከቆየሽ፣ ወይም የኅብረቱን ሒሳብ ከያዝሽ፣ ስንት ልጅ እንዳስተማርሽና ለስንት ዓመት እንደያዝሽ በሲቪሽ ላይ ጻፊው። «ልምድ የለኝም» ብለሽ አትዝጊው።

*ትንሹን ሥራ አትናቅ።* አስቴር የጀመሩት ቃል በመልቀም ነው። ከትንሹ ሥራ በትልቁ የሚታመን ሰው ይወጣል (ሉቃ. 16፥10)። በተማርክበት ሙያ እስክትቀጠር ድረስ የምትይዘው ሥራ አያዋርድህም። የሚያዋርደው የያዙትን ሥራ በግድየለሽነት መሥራት ነው።

*በሩ ሲዘጋ ተዘጋጅ።* ኦኔሲሞስ መንገድ ተዘግቶባቸው በቆዩባቸው ዓመታት አዲስ ኪዳንን ተረጎሙ። የመጠበቂያ ጊዜ የመማሪያ ጊዜ ነው። ኮምፒውተር፣ ሒሳብ አያያዝ፣ ልብስ ስፌት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የምትችለውን አንዱን ያዝ። ጸሎት ዝግጅትን አይተካም፤ ዝግጅትም ጸሎትን አይተካም።

*በሐሰት አትግባ።* የተገዛ የትምህርት ማስረጃ፣ ያልሠሩበት የሥራ ልምድ፣ ለመቀጠር የሚሰጥ ጉቦ፣ እነዚህ ደጅ የሚከፍቱ ቢመስሉም ገብተህ በሰላም አያስቀምጡህም። ራሱን መምራት የተሳነው ሰው ሌላውን ሊመራ አይችልም፤ ራስን መምራት ደግሞ ማንም በማያይበት ቦታ እውነተኛ በመሆን ይጀምራል።

*የሚወስድሽን ሰው መርምሪ።* ዛሬም ከጅማና ከአካባቢዋ ብዙ እህቶቻችን ቀይ ባሕርን ይሻገራሉ። ለሥራ መሄድ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በደላላ ቃል ብቻ፣ በሌሊት፣ ያለ ውል የምትሄድ እህት ሰው ሳይሆን ዕቃ ሆና ልትቆጠር ትችላለች። በሕጉ መሠረት ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ የቪዛና የጉዞ ወጪውንም የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ስለዚህ ለቪዛ ብር አምጪ የሚልሽን ሰው ጠይቂው። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው በመንግሥት የሥራና ክህሎት ቢሮ አጣሪ፤ ውሉን ሳታነቢ አትፈርሚ፤ ቅጂውን ለቤተሰብ ተዪ። ሽማግሌዎችና መጋቢዎች ሆይ፣ ከመሄዷ በፊት ከእህታችን ጋር አብሮ ቢሮ መሄድ አገልግሎት ነው።

በመጨረሻ

ባርነት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነበር አንልም፤ ሰው በሰው ላይ የሠራው ክፋት ነው። ዮሴፍ ለወንድሞቹ እንደነገራቸው ግን ሰዎች ለክፉ ያሰቡትን እግዚአብሔር ለመልካም ማዋል ይችላል (ዘፍ. 50፥20)። ጌታን ገና ያላወቃችሁት ወዳጆቻችንም ይህን እንድታውቁ እንወዳለን፦ ኢየሱስ የሚፈልገው የሥራ ልምዳችሁን አይደለም፤ እናንተን ራሳችሁን ነው። በገበያ ዋጋ የተተመነባትን ልጅ በስሟ ያወቃት እርሱ የእናንተንም ስም ያውቃል።

ጌታ ሆይ፣ ሥራ ለሚፈልጉ ልጆችህ በእጃቸው ያኖርኸውን አሳያቸው። በእውነት የሚገቡበትን በር ክፈትላቸው። ሥራ ያለንንም የሌላውን ድካም በስሙ የምንጠራ አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።