ፊደላችን ሣጥን ሆኖ የታየበት ዘመን



ሰሞኑን አሮጌ ሲዲዎቼን ሳገላብጥ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ የጻፍኋቸውን ሰባት መጣጥፎች የያዘ አንድ ሲዲ አገኘሁ። መርካቶ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ አንድ ጠባብ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ሱቅ አስተይቤ ያስቀመጥኋቸው ናቸው። ፋይሎቹ ተከፈቱ፤ አማርኛው ግን የለም። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደላትና ትርጉም የለሽ ምልክቶች ተደበላልቀው ተሰልፈዋል። ጽሑፉ የተተየበበት ፎንት በእጄ የለም፤ ሱቁም ከተዘጋ ቆይቷል። አንድ ሰው የገዛ ጽሑፉን ማንበብ የሚሳነው እንዴት ሆኖ ነው? ነገሩ ከእኔ ሲዲ የሰፋ ታሪክ ስላለው ጥቂት ላወጋችሁ ወደድሁ።

የግእዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባው በአገር ውስጥና በውጭ በሚኖሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ትጋት ነው። ይሁንና የዚያ ዘመን ፎንት የነበሩት ቦታዎች 256 ብቻ ነበሩ። የእኛዎቹ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲታከሉበት ቦታው አይበቃም። ስለዚህ እያንዳንዱ አዘጋጅ የየራሱን ብልሃት ፈጠረ። አንዱ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያም በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፈለው፤ ሌላው ቅጥያዎቹን ለብቻ አስቀምጦ እየገጣጠመ ሠራ። በፓወር ግእዝ የተጻፈው በቪዥዋል ግእዝ አይነበብም ነበር። እህል በረንዳ ያለ ነጋዴ ሁሉ የየራሱን ቁና ይዞ ቢሰፍር ምን ይፈጠር እንደነበር ገምቱ።

የጋራው ቁና የመጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው። ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ባለሙያዎች ለዓመታት ከደከሙበት በኋላ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም መሣሪያ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አላት። ችግሩ መስፈርት በወረቀት ላይ ስለሰፈረ ብቻ ከአንባቢው ዘንድ አለመድረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የግእዝ ፎንት አልነበረውም። ማይክሮሶፍት ናያላ የተባለውን ፎንት ከቪስታ ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በ2007 ነበር። እስከዚያው ድረስ በዩኒኮድ የጻፈ ሰው አንባቢው የሚያየው ባዶ ሣጥን ነው፤ በሻጭ ፎንት የጻፈ ሰው ደግሞ አንባቢው የሚያየው የተምታታ ላቲን ነው። ብዙዎች መላ ሲያጡ ጽሑፋቸውን በፎቶግራፍና በፒዲኤፍ አወጡት። «አማርኛው ካልታየዎ ይህን ፎንት ይጫኑ» የሚለው ማሳሰቢያ የየገጹ መግቢያ ነበር፤ የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ።

በዚያው ሰሞን ፈረንጆቹም የራሳቸው ጣጣ ነበረባቸው። ኔትስኬፕና ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አንዱን ገጽ በየራሳቸው መንገድ ያሳዩት ነበር። ለምሳሌ የአንድ ሣጥን ስፋት 200 ተብሎ ቢጻፍ፣ መስፈርቱ ጠርዙንና የውስጥ ክፍተቱን ለብቻ ይደምራል፤ የቆየው ኤክስፕሎረር ግን ሁሉንም ከ200ው ውስጥ ይቀንስ ነበር። ብራውዘሮቹ ድንገት ለመስፈርቱ ቢገዙ በስሕተቱ ላይ የተገነቡት ቁጥር ስፍር የሌላቸው ገጾች ሊፈርሱ ሆነ። መፍትሔው ሁለት ፊት መያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 የወጣው የማኪንቶሽ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 የገጹን የመጀመሪያ መስመር ያያል፤ ገጹ የትኛውን ደንብ እንደሚከተል በአግባቡ ካስታወቀ በደንቡ ይዳኘዋል፣ ካላስታወቀ ግን የድሮውን ስሕተት እንዳለ ተቀብሎ ያሳየዋል። ይህ ሁለተኛው ፊት ኳርክስ ሞድ ይባላል፤ ዛሬም በየብራውዘሩ ውስጥ አለ። ገጽ የሚያመርቱት መሣሪያዎችም ቢሆኑ ንጹሕ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የማይክሮሶፍት ኤኤስፒ ዶት ኔት ከኤክስፕሎረር ውጭ ያሉትን ብራውዘሮች እንደ ኋላ ቀር ቆጥሮ ያረጀ ኤችቲኤምኤል ይልክላቸው ነበር። ወደ መስፈርቱ የቀረበው በ2005 ዓ.ም. ፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው በሁለተኛው እትሙ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱን አስተውሉ። ለተዛነፈ ሣጥን ምሕረት ተደረገ፤ ለእኛ ፊደል ግን የሚደረግ ምሕረት አልነበረም። ይህን ስል ማንም በክፋት አደረገው ማለቴ አይደለም። ብራውዘሩ ገጹ አሮጌ መሆኑን ሊያውቅ ይችላል፤ ላቲን ተብሎ የተመዘገበው ጽሑፍ አማርኛ መሆኑን ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል፤ በፍለጋም አይገኝም። የ1997 ዓ.ም. ክርክር ያን ያህል ተጽፎበት ሳለ ዛሬ በአማርኛ ፈልጎ የሚያገኘው ተማሪ ጥቂቱን ብቻ መሆኑ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የመዘገቡትን የማያነብብ ትውልድ የሰማውን ብቻ ይዞ ይከራከራል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብሎጎች ከመነሻቸው በዩኒኮድ ይሠሩ ስለነበር ጸሐፊውን ከሻጭ ጥገኝነት አላቀቁት። ታዲያ ፊደሉ መነበብ በጀመረበት በዚያው ወቅት፣ በግንቦት 1998 ዓ.ም.፣ የብሎግስፖት ገጾች አገር ውስጥ ተዘጉ። 264 ድረ ገጾች ተከፈቱ የተባለው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ነበር። መርካቶ ኢንተርኔት ቤት የተቀመጠው አንባቢ መጀመሪያ ሣጥን አየ፤ ሣጥኑ ፊደል ሲሆንለት ደግሞ ገጹ ጠፋ።

ወደ ሲዲዬ ልመለስ። አንድ ወዳጄ ፎንቱን ከጽሑፉ ጠባይ ለይቶ፣ መቀየሪያ ፕሮግራም ፈልጎ፣ አምስቱን መጣጥፎች ወደ ዩኒኮድ መለሰልኝ። የቀሩትን ሁለቱን ግን ያኔ ለኢሜይል እንዲመቹ ብዬ ያለ ፎንት፣ በደረቅ ጽሑፍ አስቀምጫቸው ኖሯል። ፊደሉ ለሁለት ፎንቶች የተከፈለ ስለነበር አንዱ ምልክት ለሁለት የተለያዩ ፊደላት ይቆማል፤ የትኛው እንደነበረ የሚነግር ነገር የለም። አሁን ቃል በቃል እየገመትሁ እሞላለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ።